14 ብዬ የጀመርኩት 28 ሆኖ ጠበቀኝ፦ የዱር ስንዴ ቆጠራ ማስታወሻ

ቀን 1

አምስት ትንንሽ ፖስታ መጣልኝ። በእርሳስ ቁጥርና ስም ተጽፎባቸዋል፦ የዱር አይንኮርን፣ የዱር ኤመር፣ የፍየል ሣር፣ የፓስታ ስንዴ፣ የዳቦ ስንዴ። አምስቱም ስንዴዎችና የስንዴ ዘመዶች ናቸው፣ ዘር ከሚያከማች አንድ የጂን ባንክ የተላኩ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው። ዘሩን ማብቀል፣ የሥሩን ጫፍ መቁረጥ፣ ማቅለም፣ መጨፍለቅ፣ በማይክሮስኮፕ ክሮሞሶሙን (በህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የተጠቀለለባቸውን ክሮች) መቁጠር። ከዚያ ከቅጠሉ ዲኤንኤ አውጥቼ በአንድ ዝርያ ውስጥ ተክል ከተክል ምን ያህል እንደሚለያይ ማየት እፈልጋለሁ።

መጽሐፍ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ። አይንኮርንና የፍየል ሣር 14፣ ኤመርና የፓስታ ስንዴ 28፣ የዳቦ ስንዴ 42። ሁሉም የ7 ብዜት ነው። በዓይኔ ግን አላየሁትም። ስለ ስንዴ ስንት ዓመት ሳወራ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አለመቁጠሬ ትንሽ ያሳፍራል።

ዛሬ የዋልኩት ገለፈት ስልጥ ነው። የዳቦውና የፓስታው ስንዴ ፍሬ ራቁቱን ነው የመጣው። የዱሮቹ ግን ከነገለፈታቸው። ጠንካራ ናቸው፣ ጢማቸው ላይ ያለው ጥርስ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የተሳለ ነው። ጣቴ ውስጥ አንዴ ከገባ ወደ ኋላ አይመለስም። ሁለት ጊዜ ደማሁ።

የኤመሩን ጢም ውኃ አስነክቼ አየሁት። ሲደርቅ ሁለቱ ጢሞች ይራራቃሉ፣ ሲረጥቡ ይቀራረባሉ። ሜዳ ላይ ቀንና ሌሊት እንዲህ ሲከፈትና ሲዘጋ ፍሬው ቀስ እያለ አፈር ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዘዋል። ዘሪ አያስፈልገውም ማለት ነው፣ ራሱን ይዘራል።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ገለፈቱ ከዛላው የተላቀቀበት ቦታ ልስልስ ነው፣ የተቆረጠ እንጂ የተሰበረ አይመስልም። የዱር ስንዴ ሲደርስ ዛላው በራሱ ይበታተናል። ለማዳው ግን እስኪወቃ ይጠብቃል፣ ሲለያይም ጠባሳው ሻካራ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ከሺህ ዓመታት በፊት ከከሰለ ስንዴ ላይ የሚፈልጉት ይህንኑ ጠባሳ ነው።

ቀን 3

የዳቦውና የፓስታው ስንዴ ሁሉም በቅለዋል። ከዱር አይንኮርኑ ሦስት ብቻ። ከኤመሩ ከእያንዳንዱ ገለፈት አንዱ ፍሬ በቅሎ ሁለተኛው ተኝቷል። ደነገጥኩ፣ የበሰበሰ መስሎኝ ነበር። በኋላ ትዝ አለኝ። በኤመር ገለፈት ውስጥ ሁለት ፍሬ አለ። ትልቁ ቀድሞ ይበቅላል፣ ትንሹ ወደሚቀጥለው ዓመት ሊተኛ ይችላል። ዝናብ ጀምሮ ቢያቆም ቤተሰቡ በሙሉ አይጠፋም። ለማዳ ስንዴ ይህን ልማድ ትቶታል፣ ሁሉም አንድ ላይ እንዲበቅል ስለመረጥነው።

እንቢ ያሉትን ፔትሪ ዲሽ ውስጥ እንዳሉ ፍሪጅ አስገባኋቸው። ብርድ ይቀሰቅሳቸዋል።

ቀን 4

ስንዴውን ከማበላሸቴ በፊት በባቄላ ተለማመድኩ። ባቄላ 12 ክሮሞሶም ብቻ ነው ያለው፣ እነሱም ግዙፍ ናቸው። አንደኛው ጥንድ በጣም ረጅም ነው፣ ሌሎቹ አምስት ጥንዶች አጠር ያሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አካሄዴ ይህ ነው። ሥሩ አንድ ሴንቲሜትር ሲሞላ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል። ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትቱ ክሮች አሉ። ብርዱ እነዚህን ክሮች ያፈርሳል። ክሮሞሶሞቹ ተጠቅልለው አጥረው መሃል ላይ ይቆማሉ፣ የሚጎትታቸው የለም። ከዚያ ሥሩን ሦስት እጅ ኤታኖልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ህዋሱ በነበረበት ይቆማል። በማግስቱ 60 ዲግሪ ላይ በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ ሺፍ የሚባለው ቀለም ውስጥ ጨለማ ቦታ። ቀለሙ ሲገባ ውኃ ይመስላል፣ ዲኤንኤ ሲያገኝ ወይን ጠጅ ይሆናል። የሥሩ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር፣ ደምቆ ይወጣል። ክፍፍል ያለው እዚያ ነው። የቀረውን በምላጭ ቆርጦ መጣል ነው።

12 ቆጠርኩ። ደስ አለኝ።

ቀን 6

የመጀመሪያው የስንዴ ስላይድ። ምንም የለም። ሐመር ሮዝ ጭጋግ ብቻ።

ቀን 7

አሁንም ጭጋግ። ሁለት ሽፋን መስታወት ሰበርኩ።

ቀን 8

የላብራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሺያን (ጋሼ ነው የምላቸው) ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «የውኃ ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ነው የምታምነው?» አሉኝ። ቴርሞሜትር ነከርን። 60 የሚለው ማሽን 70 ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አሲዱ ሲበዛ ዲኤንኤው ራሱ ተበጣጥሶ ይወጣል፣ ቀለሙ የሚይዘው ያጣል። ሦስት ቀን ቀለሙን ስረግም ነበር፣ ጥፋቱ የእሳቱ ነው።

ሌላም አሳዩኝ። ሽፋን መስታወቱን በማጣሪያ ወረቀት ይዤ በአውራ ጣቴ ስጫን ሳላውቀው ወደ ጎን እገፋ ነበር። «ተጫን እንጂ አትግፋ፣ ልጄ» አሉኝ። ወደ ጎን ሲገፋ የአንዱ ህዋስ ክሮሞሶም ከጎረቤቱ ጋር ይደባለቃል። ያ ደግሞ ከባዶ ስላይድ ይከፋል። ባዶው ቢያንስ አይዋሽም።

ቀን 9

ሆነ! የፓስታ ስንዴ፣ አንድ ህዋስ፣ ክሮሞሶሞቹ እንደተበተነ ክብሪት። 100 እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ በወረቀት ላይ አንድ በአንድ እየሳልኩ ቆጠርኩ። 28። ሌላ ህዋስ፣ 28። አራቱ ጫፋቸው ላይ በቀጭን አንገት የተንጠለጠለች ትንሽ ጉብታ አላቸው፣ ሳተላይት ይሏታል። በስንዴ ውስጥ 1ቢ እና 6ቢ የሚባሉት ጥንዶች ናቸው። 

የዳቦ ስንዴው ከባድ ነው። 42ቱ ይደራረባሉ። ሦስት ህዋስ ቆጥሬ 41፣ 42፣ 40 አገኘሁ። እውነት 40 ሆኖ ሳይሆን ሁለቱ ከሌሎች ሥር ተደብቀው ነው። ይህን ሳይ ለድሮዎቹ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። ጃፓናዊው ቴትሱ ሳካሙራ የስንዴዎቹን ትክክለኛ ቁጥር፣ 14፣ 28 እና 42፣ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። የሰው ልጅ ቁጥር ደግሞ ለአሥርት ዓመታት 48 ነው ሲባል ኖሮ ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን 46 መሆኑን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ስንዴን ከራሳችን በፊት በትክክል ቆጥረናል።

7፣ 7፣ 7 የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ የገለጠው ሌላው ጃፓናዊ ሂቶሺ ኪሃራ ነው። ዝርያዎቹን እያዳቀለ በልጃቸው ውስጥ የትኛው ክሮሞሶም ከየትኛው እንደሚጣመር አየ። ሰባቱ እንደ አንድ ቤተሰብ አብረው ይሄዳሉ። ያንን ቤተሰብ ጂኖም ብሎ ጠራው። በስንዴ ውስጥ ኤ፣ ቢ እና ዲ የሚባሉ አሉ። ኤ ኡራርቱ ከሚባል የዱር ስንዴ መጣ። ቢ ከፍየል ሣር ዘመዶች፣ ስፔልቶይደስ ከሚባለው ወገን። ሁለቱ ተዳቅለው ክሮሞሶሙ ሲደገም የዱር ኤመር ተወለደ፣ 28። ይህ ሰው እርሻ ከመጀመሩ ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። ዲ ግን የትናንት ነው ማለት ይቻላል። ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ አካባቢ፣ ለማዳ ኤመር ታውሺ ከሚባለው የፍየል ሣር ጋር ተገናኘና የዳቦ ስንዴ ሆነ። ዱር የዳቦ ስንዴ የሚባል የለም። ከማሳ ነው የተወለደው።

ቀን 11

የዱር አይንኮርን ስላይድ። 14 ስጠብቅ 28 አየሁ።

መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። በረዶው ክሩን አፍርሶ ህዋሱ ሳይከፈል ከቀረና ከብርዱ ሲወጣ እንደገና ከጀመረ ቁጥሩ ሊደገም ይችላል። ሁለት ህዋስ ተደርበው ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ከዚያው ሥር ሌሎች ህዋሳት ፈለግሁ። ብርዱ የደገመው ቢሆን ኖሮ ጥቂቱ 28፣ ብዙው 14 ይሆን ነበር። ሁሉም 28 ነው።  

ቀን 13

ከፍሪጅ የወጡትም በቀሉ። አሁን ዘጠኝ ችግኝ አለኝ። ከእያንዳንዱ አንድ ሥር ብቻ ቆረጥኩ፣ ተክሉ አይሞትም፣ ሌላ ሥር ያወጣል። ስድስቱ 14፣ ሦስቱ 28።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ማንንም አልከስስም። የዱር አይንኮርንና የዱር ኤመር ካራጃዳግን በመሰሉ የደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ተራሮች ላይ ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም ክንድ ለክንድ ይበቅላሉ። የሚሰበስበው ሰው ጎንበስ ብሎ እፍኝ ሲይዝ ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ገለፈቶቹን ካስቀመጥኩበት አውጥቼ አየሁ። አሁን ሳውቀው ልዩነታቸው ይታያል፣ ሦስቱ ወፈር ይላሉ። ሳላውቅ ግን አላየሁትም።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «ታዲያ እነዚያ ስድስቱ አይንኮርን መሆናቸውን በምን አወቅህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ልክ ናቸው። ኡራርቱም 14 ነው፣ አይንኮርንም 14 ነው። በመልክ ይመሳሰላሉ፣ በአንድ ሜዳ ይበቅላሉ፣ ቢዳቀሉ ግን ልጃቸው መካን ነው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች በአንድ ቁጥር። ሦስቱ 28ም ያው ነው። የዱር ኤመር ሊሆኑ ይችላሉ፣ አራራቲኩም የሚባለው ዘመዱም ሊሆኑ ይችላሉ። እሱ 28 ነው፣ ከኤመር በዓይን አይለይም፣ ግን ሁለተኛው ጂኖሙ ቢ ሳይሆን ጂ ይባላል። ቆጠራው አንድ ስህተት አወጣልኝ፣ ከዚያ በላይ ግን አልሄደም።

ቀን 15

ሥራ የለም፣ ቀለም እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ስጠብቅ ስለ ቁጥር ማሰብ ጀመርኩ።

ብዙ ሰው ክሮሞሶም ሲበዛ ፍጡሩ የረቀቀ ይመስለዋል። ሙንትጃክ የሚባሉ ትንንሽ አጋዘኖች አሉ። የቻይናው 46 አለው። የህንዱ ሴቷ 6፣ ወንዱ 7። ሥጋና ቆዳቸውን ብታይ ወንድማማቾች ናቸው። ክሮሞሶሞቹ ጫፍ ለጫፍ እየተጣበቁ ነው ያነሱት፣ ይዘቱ ብዙም አልጠፋም። በአውስትራሊያ አንድ የጉንዳን ዝርያ አለ፣ ወንዱ አንድ ክሮሞሶም ብቻ ነው ያለው። ፈርን ከሚባሉት ተክሎች ወገን ደግሞ ከ1,000 በላይ ያለው አለ።

ፈረስ 64፣ አህያ 62። በቅሎ 63 ይደርሳታል፣ ጥንድ አጥታ መካን ትሆናለች። የኤና የቢ ስንዴ መጀመሪያ ሲገናኙ ልጃቸው እንደ በቅሎ ነበር፣ ሁሉም ክሮሞሶም ብቻውን። ያዳነው ቁጥሩ መደገሙ ነው። በቅሎ ያንን ዕድል አላገኘችም፣ ተክል ያገኘዋል። ከተደገመም በኋላ ሌላ አደጋ አለ። ኤ ከቢ ጋር ተሳስቶ ቢጣመር ዘሩ ይበላሻል። ይህን የሚከለክል ጂን በ5ቢ ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ አለ፣ ፒኤች1 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው የታወቀው። አንድ ዘበኛ 42ቱን ያስተናብራል።

ቀን 16

ወደ ሁለተኛው ክፍል ልገባ ስል አንድ የሞኝ ስህተት ያዝኩ። አሥር የዳቦ ስንዴ ፍሬ አሉኝ፣ አሥሩም ከአንድ ምርጥ ዘር ናቸው። ስንዴ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ስለዚህ አሥሩ እንደ መንትያ ናቸው። እነሱን ከፍየል ሣር ጋር አወዳድሬ «የዳቦ ስንዴ ስብጥር የለውም» ብል ማጭበርበር ነው። የፍየል ሣሩም ከአንድ ቦታ ስለሆነ ወንድማማች ይሆናል። ስምንት የተለያዩ የዳቦ ስንዴ ዘሮች፣ ከስምንት ቦታ የተሰበሰበ የፍየል ሣርና ከስምንት ቦታ የዱር ኤመር ጠየቅሁ። አንድ ሳምንት ይዘገያል፣ ይሁን።

ቀን 24

ቅጠል ፈጨሁ፣ ሲታብ በሚባለው ፈሳሽና በክሎሮፎርም ዲኤንኤ አወጣሁ። የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያባዛውን ፒሲአር ሠራሁ። ዲኤንኤ በርዝመቱ በሚለይበት ጄል ላይ ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ባንድ (የዲኤንኤ ሰረዝ) አሳየ። ባዶ ውኃ ያለበት መስመርም ጭምር! ውኃ ስንዴ ሆነ። ፈሳሽ የምለካበት ፒፔቴ ተበክሏል። አጠብኩ፣ ሁሉንም ጣልኩ፣ እንደገና።

ቀን 27

ዛሬ ንጹሕ ነው። የተጠቀምኩት ሁለት ሦስት የዲኤንኤ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚደጋገምባቸውን ቦታዎች ነው። የድግግሞሹ ብዛት ከተክል ተክል ስለሚለያይ በጄሉ ላይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ይቆማል።

መጀመሪያ ኤመሩ ላይ ተሳሳትኩ። ሁሉም ሁለት ሁለት ባንድ አሳዩኝ። ከእናትና ከአባት የተለያየ ወርሰዋል ብዬ ጻፍኩ። ቆይ፣ ራሱን የሚያዳቅል ተክል ሁሉም እንዴት እንዲህ ይሆናል? ፕራይመሩ (ፒሲአሩ የትኛውን ቦታ እንደሚያባዛ የሚመራው አጭር ዲኤንኤ) ከኤም ከቢም እያነበበ ነው። አንዱ ባንድ የኤ፣ ሌላው የቢ። ብዙ ጂኖም ያለው ተክል ላይ ይህ ወጥመድ ሁሌም አለ። ማስታወሻውን ሰርዤ ለአንድ ጂኖም ብቻ የሚሠራ ፕራይመር ወሰድኩ።

በዲ ጂኖም ላይ ያለው ነጥብ፦ ስምንቱ የዳቦ ስንዴ በሁለት ከፍታ ብቻ ቆሙ። ስምንቱ የፍየል ሣር በስድስት። ያው ክሮሞሶም፣ ያው ቦታ። በቢ ጂኖም ላይ ባለው ነጥብ የዳቦ ስንዴው አራት፣ የዱር ኤመሩ አምስት። አጋሮዝ የሚባለው ጄል ትንንሽ ልዩነት ስለማያሳይ ይህ ትንሹ ግምት ነው። ነጥቦቹም ጥቂት ናቸው። ግን መልኩ ከሚታወቀው ጋር ይሄዳል። ወደ ዳቦ ስንዴ የገባው የፍየል ሣር በጣም ጥቂት ተክል ነው። ከሰፊ ሜዳ የአንድ እፍኝ ያህል። የኤና የቢው ጠባብ በር ግን በኋላ ተከፍቷል፣ የዳቦ ስንዴ በማሳው ዳር ካለ ኤመር ጋር አልፎ አልፎ ስለሚዳቀል። ከፍየል ሣር ጋር ግን ይህ በጣም ይከብደዋል።

እንግዲህ 42 ያለው፣ 16 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል የተሸከመው፣ ከሰው አምስት እጥፍ የሚበልጠው፣ በሦስተኛው ጂኖሙ ላይ 14 ካለው ሣር ይደኸያል። በአንድ ተክል ውስጥ ብዙ መኖሩና በተክሎች መካከል ልዩነት መኖሩ ለየብቻ ናቸው። አቦ ሸማኔና የቤት ድመት ሁለቱም 38 ናቸው፣ ግን የማይዛመዱ አቦ ሸማኔዎች አንዱ የሌላውን ቆዳ እስኪቀበል ድረስ ተመሳስለዋል። አረቢካ ቡና 44 ነው፣ ዘመዶቹ 22። እሱም እንደ ዳቦ ስንዴ ከሁለት ዝርያ ተደምሮ የተወለደ ነው፣ እሱም ስብጥሩ ጠባብ ነው።

አርቢዎች ይህን ስለሚያውቁ የፓስታ ስንዴን ከፍየል ሣር ጋር እንደ አዲስ ያዳቅላሉ፣ ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል የክሮሞሶሙን ቁጥር ይደግማሉ፣ ከዚያ የተገኘውን ሰው ሠራሽ ስንዴ ከዳቦ ስንዴ ጋር ያገናኛሉ። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት ይህን በብዛት ሠርቷል። የጥንቱን አጋጣሚ በብዙ የተለያዩ የፍየል ሣሮች መድገም ነው። ከዱር ኤመር የመጣም አለ፦ በ6ቢ ላይ ያለ አንድ ጂን የፍሬውን ፕሮቲን፣ ዚንክና ብረት ከፍ ያደርጋል፣ ምንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በለማዳዎቹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቷል ወይም ጠፍቷል። ሳንፈልግ የጣልነው ነው። ዋግ የሚቋቋም ዋይአር15 የሚባል ጂንም ከዚያው ከዱር ኤመር ነው የተወሰደው።

ቀን 30

የአይንኮርኑን ፖስታ አሮጌ ስም አልደመሰስኩትም። ከጎኑ «የተቀላቀለ፣ 6 በ14፣ 3 በ28» ብዬ ጻፍኩ። ለጂን ባንኩም የስላይዶቹን ፎቶ ላክሁ። አመስግነው መለሱ፣ የራሳቸውን ክምችት እንደገና እንደሚያዩ ነገሩኝ።

ሦስቱ ባለ 28 ችግኞች ከአራራቲኩም ይሁኑ ከኤመር ለማወቅ ከታወቀ የዱር ኤመር ጋር ማዳቀል አለብኝ። ልጁ ዘር ከሰጠ ኤመር ነው፣ መካን ከሆነ ሌላው። ለዚያ ማበብ አለባቸው፣ ለማበብ ደግሞ የብርድ ወቅት ያለፈባቸው ሊመስላቸው ይገባል። ዘጠኙንም በ4 ዲግሪ ለስምንት ሳምንት አስገባኋቸው። ጋሼ የፍሪጁን በር ከፍተው ቴርሞሜትር አስቀመጡበት። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን አላመኑም።